የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽና የጥምቀት ገንዳዎቻቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዛሬው ዕለት የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ጥንታውያን የጥምቀት ገንዳዎችና ስለ ፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «የፈረሰ ቤት ለነፍሳችን ምን ይረባታል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የአባቶቻችን ሃይማኖት በብራና ላይ ተጽፎ እንደ ተላለፈልን ሁሉ፥ በድንጋይም ላይ ተጽፎ ቆይቶልናል። ብራናው ሲቃጠልና ጸሐፊው ሲሞት፥ ድንጋዩ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ምስክርነቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ይህን ምስክር ዛሬ ጠርተን እንጠይቀው። በንግግራችን የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጣለን።

ስለ ጥምቀት ታሪክ ሲነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሥፍራ በጋዛ መንገድ አጠገብ የነበረው ውኃ ነው። በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፥ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ሰው በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፥ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ቀርቦ ምሥጢሩን ተረጐመለት። ከውኃ አጠገብ በደረሱ ጊዜ ጃንደረባው ለመጠመቅ የሚከለክለው ነገር እንዳለ ራሱ ጠየቀ፤ ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ፤ ተጠምቆም ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። በዚያ ሥፍራ ግድግዳ አልነበረም፤ ጣራም አልነበረም። የነበረው ውኃው፥ አጥማቂውና የሚያምነው ሰው ነው።

ምእመናን ግን ቦታውን አልረሱትም። በዮርዳኖስ አገር፥ በማዳባ ከተማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በ6ኛው መቶ ዓመት ከትናንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የተሠራ የቅድስት አገር ካርታ ይገኛል። በዚህ ካርታ ላይ ከቤተ ሱር አጠገብ የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያንና ጃንደረባው ተጠመቀበት የተባለው ውኃ ተሥሎ ይታያል። የአንድ ኢትዮጵያዊ ጥምቀት ከ500 ዓመት በኋላ በሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተሥሎ መገኘቱ፥ ጥንታውያን ክርስቲያኖች የጥምቀትን ቦታ ምን ያህል ያከብሩ እንደ ነበር ያስረዳል።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ክርስቲያኖች የተለየ የጥምቀት ቤት አልነበራቸውም። ወንዝ ባለበት በወንዝ፥ ምንጭ ባለበት በምንጭ ይጠመቁ ነበር። ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው አጭር መጽሐፍም አስቀድሞ የሚፈስ ውኃ እንዲፈለግ፥ እርሱ ካልተገኘ በሌላ ውኃ እንዲጠመቁ ያዝዛል። ደግሞም የሮማ ነገሥታት ክርስቲያኖችን ያሳድዱ ስለ ነበር፥ ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ለመሥራት አይቻልም ነበር። ምእመናን የሚሰበሰቡት በየወንድሞቻቸው ቤት ነበር። ከእነዚያም ቤቶች አንዱ እስከ ዘመናችን በአፈር ተሸፍኖ ቆይቶ ተገኝቷል።

ይህ ቤት የተገኘው በሶርያ አገር፥ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፥ ዱራ ኤውሮፖስ በምትባል ጥንታዊት ከተማ ነው። ከተማይቱ የሮማ ጭፍሮች በፋርስ ዳርቻ የሚጠብቁባት ምሽግ ነበረች። በ1920 ዓ.ም. ወታደሮች ምሽግ ሲቈፍሩ የጥንት ሥዕል በድንገት ስላገኙ፥ የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳይ አካዳሚ ሊቃውንት ከ1928 እስከ 1937 ዓ.ም. ቦታውን በሥርዓት ቈፈሩት። በዚህም ጊዜ በከተማይቱ ቅጽር አጠገብ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ የሚመስል አንድ ተራ ቤት አገኙ። በግድግዳው ልስን ላይ ተጭሮ የተገኘው ዘመን 232 ወይም 233 ዓ.ም. መሆኑን ያመለክታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክርስቲያኖች ሁለት ክፍሎችን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሰው የጸሎት አዳራሽ አደረጉት፤ በቤቱ ማዕዘን ያለችውንም ትንሽ ክፍል ለጥምቀት ለዩአት።

ምእመናን ሆይ፤ ይህችን ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቷት። በአንደኛው ጫፍ በሁለት ዓምዶች ላይ እንደ ድንኳን የተደገፈ ጣራ ያለው ገንዳ አለ፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ከላይ ያለው ጣራ ሰማይን እንዲመስል ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ከዋክብት ተሥለውበታል። በግድግዳዎቹም ላይ ጌታችን ሽባውን ሲፈውስና ሽባውም አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ፥ ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲራመድ፥ ሳምራዊቱ ሴት ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ፥ ዳዊትም ጎልያድን ሲያሸንፍ ተሥለዋል። የሚጠመቀው ሰው በመብራት ብርሃን ገብቶ ይህን ሁሉ እያየ ወደ ውኃው ይቀርብ ነበር። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል እንኳ ቢሆን ግድግዳው ያነብለት ነበር።

ከገንዳው በላይ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ግን ከሁሉ ይልቅ ልብን ይነካል። ቸር ጠባቂ በጉን በትከሻው ተሸክሞ በመንጋው መካከል ቆሞ ይታያል፤ ከእርሱም በታች በትንሹ አዳምና ሔዋን ከዛፉ አጠገብ ተሥለዋል። አዳምና ሔዋን በጥምቀት ገንዳ ላይ ስለ ምን ተሣሉ? ይህ ነገር ለሌሎች ትርጓሜ የሚያስፈልገው ቢሆንም፥ ለእኛ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች እንግዳ አይደለም። እኛ ወንዱን ልጅ በ40 ቀን፥ ሴቷን ልጅ በ80 ቀን የምናጠምቀው፥ በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተነገረው አዳም በ40 ቀን ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን በማሰብ ነው። ጥምቀት አዳም ወደ ወጣበት ገነት መመለሻ በር ነውና። በኤፍራጥስ ዳር የነበሩት እነዚያ ክርስቲያኖች ይህንኑ እምነት በቀለም ሣሉት፤ አባቶቻችን ደግሞ በቀን ቈጠሩት። ቋንቋቸው የተለያየ፥ አገራቸውም የተራራቀ ሲሆን፥ አሳባቸው ግን አንድ ሆኖ ተገኘ።

በ256 ዓ.ም. አካባቢ የፋርስ ሠራዊት ከተማይቱን ከበባት። የሮማ ጭፍሮች ቅጽሩ እንዳይናድባቸው ለማጠንከር በቅጽሩ አጠገብ ያሉትን ቤቶችና መንገዱን በአፈር ሞሏቸው። የክርስቲያኖቹም ቤት ከዚያ አፈር በታች ተቀበረ። ከተማይቱ ተያዘች፤ ሕዝቡም ተበተነ፤ ከተማዪቱ ባድማ ሆና ቀረች። ነገር ግን ያ የተቀበረው ቤት በአፈር ተጠብቆ ወደ 1,700 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ሥዕሉ ሳይጠፋ ወጣ። ሥዕሎቹ ወደ አሜሪካ ተወስደው ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በቦታው የቀረው ፍርስራሽ ግን በሶርያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ጊዜ በዘራፊዎች እጅ ወደቀ፤ በ2014 ዓ.ም. በሳተላይት የተነሡት ፎቶግራፎች መሬቱ በሌቦች ጉድጓድ ተበሳስቶ መታየቱን ገለጡ። በጠላት ጦርነት የተረፈውን ነገር የገንዘብ ፍቅር አጠፋው። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ313 ዓ.ም. የስደት ዘመን አልፎ ለቤተ ክርስቲያን ዕረፍት በሆነ ጊዜ፥ በየአገሩ ሰፋፊ አብያተ ክርስቲያናትና በአጠገባቸው የተለዩ የጥምቀት ቤቶች ይሠሩ ጀመር። በሮማ ከተማ በላተራን ያለውና በሊቀ ጳጳሳቱ በሢክስጦስ ሣልሳዊ ዘመን ከ432 እስከ 440 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የታደሰው የጥምቀት ቤት ስምንት ማዕዘን ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። በሚላኖ ከተማም ቅዱስ አምብሮስዮስ በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት አውግስጢኖስን ያጠመቀበት ገንዳ፥ የምድር ውስጥ ባቡር ለመሥራት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተቈፈረ ጊዜ በታላቁ ካቴድራል ደጅ ሥር ተገልጧል። እርሱም ስምንት ማዕዘን ነው። ስምንት የተመረጠበት ምክንያት አለው። ሳምንቱ 7 ቀን ነው፤ ጌታችን ከሙታን የተነሣባት እሑድ ከሰባቱ ቀጥላ ስትቈጠር ስምንተኛ ቀን ትባላለች፤ እርስዋም የአዲሱ ዓለም ምሳሌ ናት። ደግሞም ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 3 እንዳስተማረው፥ በኖኅ መርከብ ከጥፋት ውኃ የዳኑት 8 ነፍሳት ነበሩ። ስለዚህ ወደዚያ ገንዳ የወረደ ሰው በእግሩ የትንሣኤን ቀን ይረግጥ ነበር።

በኢየሩሳሌምም ቅዱስ ቄርሎስ በ4ኛው መቶ ዓመት ንኡሰ ክርስቲያኖችን በጌታችን መቃብር አጠገብ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያስተምር ነበር። ከእርሱ ትምህርት እንደምንረዳው፥ ተጠማቂው በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት የጨለማ ወገን ነውና። ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን ይመሰክራል። ልብሱን ያወልቃል፤ በዘይት ይቀባል፤ ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ እያለ ይጠመቃል፤ ከዚያም ቅዱስ ሜሮን ይቀባል። ምእመናን ሆይ፤ ይህ ሥርዓት ለእናንተ አዲስ ነውን? ልጃችሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ባመጣችሁበት ቀን ካህኑ መጽሐፈ ክርስትናውን ገልጦ ያደረገው ይህንኑ አይደለምን? የኢየሩሳሌም ሕዝብ በዚያ ዘመን የፈጸመውን እኛ ዛሬ እንፈጽማለን።

የገንዳዎቹም መልክ እንደየአገሩ ብዙ ዓይነት ነበር። በቱኒዝያ፥ በጥንት ስሟ ሱፌቱላ በምትባለው ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፥ ቪታሊስና ካርዴላ የተባሉ ክርስቲያኖች ስእለታቸውን ለመፈጸም ያሠሩት ገንዳ ይታያል። ረዘም ብሎ በወለሉ ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው፤ በሁለት ወገን ደረጃ አለው፤ ውስጡም በልዩ ልዩ ቀለም ድንጋይ አጊጧል። ተጠማቂው በአንዱ ደረጃ ወርዶ በሌላው ይወጣል። በገባበት በር አይመለስም፤ አሮጌውን ሰው ከኋላው ትቶ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያው አገር ከቀሊብያ አጠገብ የተገኘውና ዛሬ በቱኒስ በባርዶ ቤተ መዘክር ያለው ገንዳ ደግሞ ዓሣና ርግብ፥ ዛፍና የሚበራ ሻማ ተሥሎበታል።

በነጌብ ምድረ በዳ ያሉት ፍርስራሾች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምሩናል። በሺቭታ ከተማ በደቡባዊው ቤተ ክርስቲያን ያለው ገንዳ ከአንድ ድንጋይ በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 የሚጠመቅ ሰው ከክርስቶስ ጋራ ሞቶ እንደሚቀበርና ከእርሱም ጋራ እንደሚነሣ አስተምሯል፤ በመስቀል ቅርጽ በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ የሚወርድ ሰውም ይህን ቃል በሥጋው ይፈጽመዋል። በዚያችው ከተማ በሰሜናዊው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ክፍል፥ ሊቃውንት ጌታችን ሲጠመቅ የሚያሳይ የደበዘዘ ጥንታዊ ሥዕል ማግኘታቸውን በ2018 ዓ.ም. አስታውቀዋል። እስላሞች ወደ ከተማይቱ በመጡ ጊዜም መስጊዳቸውን ከደቡባዊው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲሠሩ ቤተ ክርስቲያኑን አላፈረሱም ይባላል።

በሌላዋ የነጌብ ከተማ በአቭዳት ደግሞ፥ በመስቀል ቅርጽ ከተሠራው ትልቁ ገንዳ አጠገብ አንዲት ትንሽ ገንዳ ትገኛለች። ትልቁ ለአዋቂዎች፥ ትንሿ ለሕፃናት ናት ይባላል። ሕፃናትን ማጥመቅም በዚያን ጊዜ የተጀመረ አዲስ ነገር አልነበረም። የዱራው ቤት በተቀበረበት ዘመን አካባቢ፥ በ253 ዓ.ም. ገደማ፥ ቅዱስ ቆጵርያኖስ በቅርጣግና ከ66 ኤጲስ ቆጶሳት ጋራ ተሰብስቦ፥ የሕፃኑ ጥምቀት እስከ ስምንተኛው ቀን እንኳ መዘግየት እንደማይገባው ወስኗል። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ሕዝቡ ሁሉ ክርስቲያን ሆነ፤ ከአረማዊነት የሚመለሰው አዋቂ እየጎደለ፥ ከክርስቲያን የሚወለደው ሕፃን እየበዛ መጣ። ስለዚህ ሰው በእግሩ የሚወርድበት ሰፊው ገንዳ ቀርቶ፥ ካህኑ ሕፃኑን በእጁ ይዞ የሚነክርበት ትንሹ ገንዳ በየቤተ ክርስቲያኑ ቆመ።

አሁን ወደ አክሱም መንግሥት እንምጣ። በ4ኛው መቶ ዓመት በመጀመሪያው አጋማሽ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ በመጣ ጊዜ፥ ንጉሥ ዒዛና በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የፀሐይ ምልክት አንሥቶ መስቀልን አስቀረጸ። ንጉሡ ያመነውን ሃይማኖት ሕዝቡ በውኃ ሲቀበለው ግን የት ተጠመቀ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ፍርስራሾች አሉ።

በቀይ ባሕር ዳር፥ በዛሬይቱ ኤርትራ፥ የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው አዱሊስ ትገኛለች። በ1868 እና በ1906 ዓ.ም. የተለያዩ ሰዎች ከቈፈሩአት በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ቁፋሮ የአብያተ ክርስቲያናቷን ዘመን አስታውቋል። በከተማይቱ መካከል ያለው ካቴድራል ከ400 እስከ 535 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በምሥራቅ ያለውም ቤተ ክርስቲያን ከ480 እስከ 625 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደ ተሠሩ ሊቃውንቱ ገልጠዋል። በካቴድራሉም ውስጥ የጥምቀት ቤት ቅሬታ ይገኛል። በመርከብ የመጣው ነጋዴና ከደጋ የወረደው ገበሬ በዚያ ተጠመቁ ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከተማይቱ ከተፈታች በኋላም በአካባቢው የኖሩት እስላሞች ፍርስራሹን መቃብር አድርገውታል።

ከአዱሊስ ወደ ደጋው ሲወጣ በሰንዓፌ አጠገብ መጠራ አለች። በ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የአርኪዎሎጂ ኢንስቲቱት ባስቈፈረ ጊዜ የጥንት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተገልጠዋል። በዚያ ከተገኙት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የጥምቀት ገንዳ አለ፤ ውኃውም ወደ ገንዳው የሚመጣው የሸክላ ማድጋዎች እርስ በርሳቸው ተገጣጥመው በተሠራ ቧንቧ ነበር። እነዚህ ማድጋዎች በመጀመሪያ ወይን ወይም ዘይት የተሸከሙ የንግድ ዕቃዎች ነበሩ። አባቶቻችን ግን የገበያውን ዕቃ ወስደው የልጅነት ውኃ መምጫ አደረጉት። በይሓም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተሠራው ታላቁ ቤተ ጣዖት በኋላ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ጊዜ፥ በውስጡ የጥምቀት ገንዳ ተሠርቶበታል። ለጣዖት መሥዋዕት ይሠዋበት በነበረ ቤት ውስጥ ሰው ከሥላሴ ተወለደ።

እንግዲህ ምእመናን፤ ከሶርያ እስከ ቱኒዝያ፥ ከነጌብ እስከ መጠራ በእነዚህ ፍርስራሾች መካከል ስንመላለስ አንድ ነገር ደጋግመን አየን። ጣራው ወድቋል፤ ዓምዱ ተሰብሯል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ቀርቷል፤ ገንዳው ግን አለ። ለምን? ጣራና ግድግዳ ወደ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ነፋስም የመሬት መናወጥም ጠላትም ያገኛቸዋል። ገንዳው ግን ወደ ታች የተቈፈረ ነው፤ ቤቱ ሲወድቅ አፈሩ ይሞላዋል፤ የሞላውም አፈር ይጠብቀዋል። ከፍ ያለው ፈረሰ፤ ዝቅ ያለው ቀረ። ጌታችንም በዮርዳኖስ በባሪያው በዮሐንስ እጅ ሊጠመቅ ራሱን ዝቅ ያደረገበት ምሥጢር ይህ ነው። የእኛም ክርስትና እንዲሁ ነው። በሰው ፊት ከፍ አድርገን የሠራነው ክብርና ስም በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ በ40 እና በ80 ቀናችን በውኃው ውስጥ የተቀበልነው ልጅነት ግን የኃጢአት አፈር ቢሞላበት እንኳ አይጠፋም። ጥምቀት አንዲት ናትና አይደገምም፤ በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የምንወርደው የጌታችንን ጥምቀት ለማሰብና በረከት ለመቀበል ነው። የተሞላው አፈር ግን በንስሐ መቈፈር አለበት።

ከዚህ ጋራ አንድ ሌላ ነገር እንመልከት። ወደ ሱፌቱላ ገንዳ የወረደው ሰው በራሱ እግር ወረደ፤ በራሱ አፍ ሰይጣንን ካደ። በዱራ የነበረውም ሰው ጎረቤቱ አይቶ ቢያሳብቀው ሕይወቱን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ወደዚያች ክፍል ገባ። እኛ ግን የሄድነው በሌላ ሰው እቅፍ ነው። ስለ እኛ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የካደ፥ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ያመነ ሌላ ሰው ነው። እርሱም የክርስትና አባታችን፥ እርስዋም የክርስትና እናታችን ናት። ገንዳው ትንሽ በሆነ ጊዜ የእነርሱ ኃላፊነት ትልቅ ሆነ።

በዚህ ነገር የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሕፃን አጠመቅሁ፤ የክርስትና አባቱም የተከበረ ሰው ነበረ፤ ለበዓሉም ብዙ ወጪ አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በመንገድ ተገናኘንና ስለ ልጁ ደኅንነት ጠየቅሁት። ካየው ሁለት ዓመት እንደ ሆነው ነገረኝ። የልጁ ክርስትና ስም ማን እንደ ነበረ ብጠይቀው አሰበ፤ አሰበ፤ አላስታወሰውም። ፊቱ ቀላ። እኔም ልገሥጸው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ስሙን ያወጣሁለት እኔ ራሴ ስሆን እኔም አላስታወስሁትምና። ያን ዕለት ማታ መዝገቡን ገልጬ ስሙን ፈለግሁ፤ አግኝቼም ለሰውየው ላክሁለት። በመጪው እሑድ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቅዳሴ መጣ። ሁለታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን በስሙ እንጠራዋለን።

ስለዚህ ከእነዚህ የድንጋይ ምስክሮች ሁለት ትእዛዝ ይዘን እንለይ።

መጀመሪያው ስለ ድንጋዩ ነው። በየአካባቢያችሁ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፥ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የውኃ ገንዳ በእርሻ ውስጥ ቢገኝ፥ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር አታንሡት፤ ለከብት ማጠጫም አታድርጉት፤ ለሻጭም አሳልፋችሁ አትስጡት። ድንጋዩ ከቦታው ከተነሣ አፉ ይዘጋል፤ የት እንደ ነበረና ከምን ጋራ እንደ ቆመ የሚያውቅ አይገኝምና። ለካህናቱና ለሚመለከተው የመንግሥት ሹም አስታውቁ። በዱራ የሆነው በእኛ አገር እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ሁለተኛው ስለ ሕያው ድንጋይ፥ ማለት ስለ ልጁ ነው። የክርስትና አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ያነሣችሁትን ልጅ ዛሬ ፈልጉት። ስሙን ንገሩት፤ የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያንና የተጠመቀበትን ገንዳ በእጁ ይዛችሁ አሳዩት። በአንገቱ ያሰራችሁለት ማዕተብ ምን እንደ ሆነ አስተምሩት። ስለ እርሱ የተናገራችሁትን ቃል እርሱ ራሱ በአፉ እንዲናገረው እስክታደርሱት ድረስ ከዚያ ገንዳ ዳር እንዳልተለያችሁ እወቁ።

ጃንደረባው ከውኃው ወጥቶ ደስ እያለው መንገዱን እንደ ሄደ፥ እኛንም በተጠመቅንበት ደስታ እስከ መጨረሻው ያጽናን። በአፈር ሥር የተኙትን ጥንታውያን አባቶቻችንን የጠበቀ አምላክ፥ በልጆቻችን ልብ ውስጥ የተዘራውን ልጅነት ይጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።